ፊቱ ይብራ፣ ግድግዳው ይጨልም፦ ስለ ትልቅ ለስላሳ መብራት ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በአጭር ፊልማችን ውስጥ አንዲት እናት ማታ ቡና እያፈላች ከልጇ ጋር የምትጫወትበትን ትዕይንት የምንቀርጸው አራት ኪሎ አካባቢ በተከራየነው የኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ነው። ክፍሉ 5 በ3.8 ሜትር ሲሆን ግድግዳው ክሬም ዘይት ቀለም የተቀባ፣ ኮርኒሱ ነጭ፣ ወለሉ ሴራሚክ ነው። 2.4 በ2.4 ሜትር ፍሬም ላይ አቡጀዲ ወጥረን ከኋላው 300 ዋት ኤልኢዲ አበራን። ተዋናይዋ ከፍሬሙ 2 ሜትር፣ ከጀርባዋ ካለው ግድግዳ ደግሞ 1.5 ሜትር ርቃ ተቀምጣለች። ፊቷ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ግሩም ነው፤ ክፍሉ ግን ቀን መሰለ። መብራቱ ላይ ባርንዶር (ብርሃኑን ከጎን የሚቆርጡ ተከፋች ክንፎች) ገጠምን፣ ዲመሩን ቀነስን፣ ከፍሬሙ ጎን ጥቁር ጨርቅ ሰቀልን፤ ግድግዳው እንደበራ ቀረ። ግሪድ (ብርሃኑ እንዳይበተን መብራት ፊት የሚገጠም ባለ ብዙ ጉድጓድ መረብ) እንግዛ ወይስ ደካማ መብራት እንከራይ? 120 ሴንቲ ሜትር ኦክታቦክስም (መብራት የሚገባበት ባለ ስምንት ማዕዘን የጨርቅ ሳጥን) አለን፤ ትንሽ ስለሆነ ግን አልተጠቀምንበትም።»

ምላሽ፦ ደካማ መብራት መከራየት ችግሩን አይፈታውም። ዲመሩን ሲቀንሱ ፊቱም ግድግዳውም እኩል ይቀንሳሉ፤ ፊቱ በቅጡ እንዲታይ አይሪሱን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ) ሲከፍቱ ወይም አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከፍ ሲያደርጉ ደግሞ ግድግዳው አብሮ ይመለሳል። ተመልካቹ «መሽቷል» ብሎ የሚያምነው በፊቱና በግድግዳው መካከል ባለው የብርሃን ልዩነት ነው፤ ያንን ልዩነት ደግሞ ዲመር በአንድ ነጥብ እንኳ አይለውጠውም። ስለዚህ ጥያቄው «መብራቱ ምን ያህል ይበርታ?» መሆኑ ይቀርና «ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ብርሃን ከየት፣ በየትኛው መንገድ መጣ?» ወደሚለው ይዞራል።

ባርንዶሩም ያልሠራው ተበላሽቶ አይደለም። ባርንዶር የሚቆርጠው ብርሃኑ ከመብራቱ ተነሥቶ አቡጀዲው እስኪደርስ ያለውን ጉዞ ብቻ ነው። አቡጀዲው ላይ ካረፈበት ቅጽበት ጀምሮ መብራትዎ ራሱ አቡጀዲው ሆኗል፤ ወፍራም ጨርቅ ደግሞ የተቀበለውን ብርሃን የመጣበትን አቅጣጫ አስረስቶ ወደ ሁሉም ጎን ይበትነዋል። በእንዲህ ዓይነት ገጽ ላይ ስሌቱ ግልጽ ነው፦ ከሚወጣው ብርሃን ከመሃል መስመሩ በየጎኑ እስከ 30 ዲግሪ ባለው ክልል የሚሄደው ሩቡ ብቻ ነው፤ እስከ 45 ዲግሪ ቢቆጥሩም ግማሹ ነው። የቀረው ግማሽ ወደ ኮርኒሱ፣ ወደ ወለሉና ወደ ጎን ግድግዳዎች ይሄዳል። ባርንዶሩን ሲያጠቡ ያገኙት ውጤት አቡጀዲው ላይ ያለው የበራ ክብ መጥበቡ ብቻ ነው፤ ይህም ማለት ለስላሳነቱን ከፈሉበት፣ በምላሹ ግን ምንም አላገኙም።

ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ምርመራ ያድርጉ። የክፍሉን ሌላ መብራት ሁሉ ያጥፉና ግድግዳው የሚያስቸግርዎ ቦታ ላይ ጀርባዎን ለግድግዳው ሰጥተው ይቁሙ፤ ዓይንዎ ግድግዳው ባለበት ሆኖ ወደ ፍሬሙ ይመልከቱ። የአቡጀዲው ገጽ ከታየዎት ግድግዳው በቀጥታ እየበራ ነው፤ መድኃኒቱም መጋረድ ነው። ገጹ ካልታየዎት፣ ግድግዳው ግን አሁንም ከበራ፣ ብርሃኑ ከሌላ ግድግዳ፣ ከኮርኒስ ወይም ከወለል ተመልሶ የመጣ ነው፤ ያኔ በመብራቱ ዙሪያ የሚሰቅሉት ጨርቅ ሁሉ ከንቱ ድካም ይሆናል። ሦስተኛም አለ፤ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ካሜራው እየታየ በእጅዎ ሌንሱን ከፍሬሙ አቅጣጫ ይከልሉት። ጥቁሩ ድንገት ከጠቆረ፣ ያስቸገረዎት ግድግዳው ሳይሆን ሌንሱ ውስጥ ገብቶ ምስሉን ያነጣው ብርሃን ነው፤ ለእርሱ የሌንስ ኮፍያ (ከሌንሱ ዙሪያ ወደ ፊት የሚወጣ ጥላ) ወይም ከካሜራው አጠገብ የቆመች አንዲት ፍላግ (ብርሃን የሚጋርድ ጥቁር ጨርቅ) ትበቃለች። በገለጻዎ መሠረት እርስዎ ዘንድ ሦስቱም ሳይኖሩ አይቀሩም፤ ትልቁን ድርሻ የያዙት ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው።

ከቀጥተኛው እንጀምር፤ ምክንያቱም ኦክታቦክሱን «ትንሽ ነው» ብለው የተዉበት ውሳኔ እዚህ ላይ ነው የጎዳዎት። የአንድ መብራት ለስላሳነት የሚወሰነው በሜትር በሚለካው ስፋቱ ሳይሆን ከተዋናይዋ ፊት ሆኖ ሲታይ በሚኖረው ስፋት ነው። በ2 ሜትር ላይ የቆመ 2.4 ሜትር ፍሬምና በ1 ሜትር ላይ የቆመ 1.2 ሜትር ኦክታቦክስ ከፊቷ ሲታዩ እኩል ስፋት አላቸው፤ ጥላቸውም እኩል ይለሰልሳል። ከፊቷ ጀርባ የሚያደርጉት ግን እጅግ ይለያያል። ስሌቱን ለማቅለል ፍሬሙን እንደ ክብ ልውሰደው። እርስዎ ባሉት አቀማመጥ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ብርሃን ፊቷ ላይ ከሚያርፈው የሚያንሰው 2.5 እጥፍ ብቻ፣ ማለትም 1.3 ስቶፕ ገደማ ነው (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በእጥፍ መጨመሩ ወይም በግማሽ መቀነሱ ነው)። ኦክታቦክሱን 1 ሜትር ላይ ቢያቆሙ ልዩነቱ ወደ 4.9 እጥፍ፣ ማለትም ወደ 2.3 ስቶፕ ያድጋል። ፍሬሙ የሚፈልገው ቦታ ስለሚተርፍም ተዋናይዋን ከግድግዳው አንድ ሜትር ጨምረው ሊያርቋት ይችላሉ፤ ያኔ ልዩነቱ 9.3 እጥፍ ገደማ፣ ከ3 ስቶፕ በላይ ይሆናል። ይህን ሁሉ ያገኙት አንድም ጥቁር ጨርቅ ሳይሰቅሉ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ወጣት ባለሙያዎች «ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ሩብ ይሆናል» የሚለውን ሕግ ጠቅሰው ይከራከሩኛል። ሕጉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የሚሠራው መብራቱ ከርቀቱ አንጻር ትንሽ ሲሆን ነው። ትልቅ ለስላሳ መብራት በቅርብ ሲሆን ብርሃኑ ከዚያ በዝግታ ነው የሚቀንሰው። የርቀቱ መጠን ከመብራቱ ስፋት አምስት እጥፍ ሲደርስ ነው ሕጉን በልብ የሚያምኑት፤ ለ2.4 ሜትር ፍሬም ይህ 12 ሜትር ነው። በኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ 12 ሜትር የለም።

ስለ ቆዳ ቀለም ሳላነሣ ብቀር ስሌቱ ያሳስትዎታል። ከላይ ያሉት ቁጥሮች የሚናገሩት ስለሚያርፈው ብርሃን ነው፤ ካሜራው የሚያየው ደግሞ የሚመለሰውን ነው። ክሬም ግድግዳ ካረፈበት ብርሃን ሁለት ሦስተኛውን ወይም ከዚያ በላይ ይመልሳል። የተዋናይዋ ጠይም ፊት የዚያን ሩብ ያህል ይመልሳል ብንል፣ እኩል ብርሃን ቢያርፍባቸው ግድግዳው ከፊቷ በ2 ስቶፕ ደምቆ ይታያል ማለት ነው። አሁን ወደ እርስዎ አቀማመጥ ይመለሱ፦ ርቀቱ በ1.3 ስቶፕ ሲያጨልመው ቀለሙ በ2 ስቶፕ አደመቀው። ግድግዳው ከፊቷ ይልቅ ብሩህ ሆኖ የታየው ለዚህ ነው፤ ማንም ተመልካች ያንን ክፍል «ምሽት ነው» ብሎ አይቀበልም። ኦክታቦክሱን አቅርበው ተዋናይዋን ቢያርቁም ግድግዳው ከፊቷ የሚጨልመው በአንድ ስቶፕ ገደማ ብቻ ነው። መሻሻል ነው፤ አይበቃም። የነጭ ሰው ፊት ይዘው የተዘጋጁ የውጭ የሥልጠና ቪዲዮዎችን አይተው «እንዳሉት አደረግሁ፣ አልሆነልኝም» የሚሉ ተማሪዎች ግራ የሚጋቡት ብዙውን ጊዜ ይህችን ሒሳብ ስለሚዘሉ ነው።

ስለዚህ መጋረድ ግድ ነው፤ የሰቀሉት ጥቁር ጨርቅ ግን ለምን አልጋረደም? ጨርቅ ከመብራቱ ፊት ሲቆም ግድግዳው ላይ በብርሃንና በጨለማ መካከል የሚፈጠረው የሽግግር ድንበር ስፋት አለው። ስፋቱን ለማግኘት የመብራቱን ስፋት ከጨርቁ እስከ ግድግዳው ባለው ርቀት ያባዙና ከመብራቱ እስከ ጨርቁ ባለው ርቀት ያካፍሉ። ጨርቅዎ ከፍሬሙ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ከግድግዳው 3.2 ሜትር ርቆ ከተሰቀለ የሽግግሩ ስፋት ከ25 ሜትር ያልፋል፤ ክፍልዎ በሙሉ አምስት ጊዜ ይገባበታል። ጨርቁ ጥቂት ብርሃን ቀንሷል፤ ድንበር ግን አላሰመረም፤ ዓይንም ለውጡን አላየውም። ያንኑ ጨርቅ ከኦክታቦክሱ 2 ሜትር፣ ከግድግዳው 1.5 ሜትር ላይ ቢያቆሙት ሽግግሩ 90 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይህ ግድግዳው ላይ በግልጽ የሚታይ፣ ግን ሰው ሠራሽ የማይመስል ለስላሳ ድንበር ነው። ፍላግ ወደሚጋረደው ነገር በቀረበ ቁጥር ጠርዙ ይሳላል፣ ወደ መብራቱ በቀረበ ቁጥር ይሟሟል። ችግሩ፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ ከመብራቱ ርቆ የቆመ ፍላግ ብዙውን ጊዜ ካሜራው ውስጥ ይገባል።

ሌላው መንገድ ጨርቁን ከፍሬሙ ጠርዝ ወደ ፊት እንደ ዋሻ መዘርጋት ነው፤ እውነት ነው፣ ይሠራል። ነገር ግን 2.4 ሜትር ስፋት ያለውን ገጽ በ45 ዲግሪ አቅጣጫ ከቆመ ሰው ሙሉ በሙሉ ለመደበቅ የዋሻው ጥልቀትም 2.4 ሜትር መሆን አለበት። ተዋናይዋ ዋሻው ውስጥ ልትቀመጥ ነው። ግሪድ የሚባለው ዕቃ ጥበቡ እዚህ ላይ ነው፦ ያንኑ ዋሻ ቆራርጦ እንደ ማር እንጀራ በብዙ ትንንሽ ጉድጓዶች ይተካዋል። የአንዱ ጉድጓድ ስፋት 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ብቻ ያንኑ የ45 ዲግሪ ሥራ ይሠራል። ስለዚህ አዎ፣ ግሪድ ይግዙ፤ ግን ለኦክታቦክሱ እንጂ ለፍሬሙ አይሁን።

ሲገዙ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ዲግሪ ብቻ አይመኑ፤ ማስመሪያ ይዘው የጉድጓዱን ስፋትና ጥልቀት ይለኩ። 5 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ግሪድ ከመሃል መስመሩ በየጎኑ 27 ዲግሪ ገደማ ላይ ብርሃኑን ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። ይህ ለእርስዎ ክፍል ተስማሚው ነው። የጎን ግድግዳዎቹ ከክፍሉ መሃል 1.9 ሜትር ይርቃሉና፣ ኦክታቦክሱ መሃል ላይ ቆሞ በክፍሉ ርዝመት ቀጥ ብሎ ቢያይ፣ ከመሃሉ የሚወጣው ብርሃን ጎን ግድግዳውን የሚነካው ከ3.8 ሜትር በኋላ ነው፤ ከጠርዙ የሚወጣው ቀደም ብሎ ቢነካም ደክሞ ነው የሚደርስ። ኮርኒሱም በተመሳሳይ ከብርሃኑ ይድናል።

ግሪድ ያለ ዋጋ አይሠራም፤ የሚያስከፍለው ደግሞ ለስላሳነትን ነው። ተዋናይዋ ግሪዱን አሻግራ ስታይ የምትመለከተው ከፊቷ ትይዩ ያለውን የመብራቱን ክፍል ብቻ ነው፤ ጠርዞቹ ይጨልሙባታል። በዚሁ ግሪድ በ1 ሜትር ርቀት ላይ የሚታያት ከ120 ሴንቲ ሜትሩ 1 ሜትር ያህሉ፣ እርሱም ወደ ዳር እየደከመ ነው፤ ጉዳቱ ቀላል ነው። ጉድጓዱ ጥልቀቱ የስፋቱ አራት እጥፍ የሆነ ጠባብ ግሪድ ቢገዙ ግን የሚታያት ግማሽ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ትልቅ መብራት አቁመው የትንሽ መብራት ጥላ ያገኛሉ። አንዳንዶች ግሪዱ በጠበበ ቁጥር ይሻላል ብለው ያስባሉ። አይሻልም። ወደ ጎን ብትዞር ወይም ልጇ ላይ ብታዘነብል ከክልሉ ውጭ ወጥታ ፊቷ እንደሚጨልምም አይርሱ፤ እንቅስቃሴዋን በልምምድ ሳያዩ ግሪድ አይምረጡ። የብርሃን መቀነሱን በተመለከተ ግን አይጨነቁ፤ መብራቱን ከ2 ሜትር ወደ 1 ሜትር ስላቀረቡትና አቡጀዲውን ስላነሡት 300 ዋቱ ይተርፍዎታል።

ገንዘቡ ከሌለ ግሪዱን ልባም ልብስ ሰፊ ሊሠራው ይችላል፤ መርካቶ ጥቁር ጨርቅ አይጠፋም። ሁለት ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፦ ጨርቁ የማያብለጨልጭ ይሁን፤ የሚያብረቀርቅ ናይለን የጉድጓዱን ግድግዳ መስተዋት ያደርገውና ግሪዱን ከንቱ ያደርገዋል፤ ሲወጠርም አይርገብ፤ የረገበ ግሪድ ፊት ላይ የማይገባ ሽንትር ይጥላል።

ግሪዱ የማይፈታው የቀረው ነገር ከተዋናይዋ ቀጥታ ጀርባ ያለው ግድግዳ ነው፤ እርሱ ያለው በግሪዱ ክልል ውስጥ ነውና። እዚህ ላይ ትዕይንቱ ራሱ ይረዳዎታል። ቡና የምታፈላው እናት የምትቀመጠው በርጩማ ላይ ስለሆነ ፊቷ ከወለሉ 1 ሜትር ገደማ ከፍ ቢል ነው። ኦክታቦክሱን ከፍ አድርገው መሃሉ 1.8 ሜትር ላይ እንዲሆን ያድርጉና በ45 ዲግሪ ገደማ ወደ ታች ያዘንብሉት። ዋናው ብርሃን ፊቷን አልፎ ወለሉ ላይ ያርፋል፤ ግሪዱ ከ27 ዲግሪ በላይ የሚወጣውን ስለሚዘጋ ከጀርባዋ 2.5 ሜትር የራቀው ግድግዳ ከ1.3 ሜትር ገደማ በላይ በቀጥታ የሚደርሰው ብርሃን አይኖረውም። ከጭንቅላቷ በላይ ያለው ግድግዳ ሲጨልም ክፍሉ በቅጽበት ይመሻል። መብራቱንም ከካሜራው ጎን ሳይሆን ከማዶ፣ ወደ ልጇ በምታይበት በኩል ያቁሙት፤ ጥላ ያለው ጉንጯ ወደ ካሜራው ይዞራል፣ ዓይኗም ብርሃኑን ይይዛል። ብርሃኑ ከላይ መሆኑ የዓይኗን ጉድጓድ ያጨልመዋል ብለው የሚሰጉ ከሆነ፣ ስለ ነጠላው የምለውን ይጠብቁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ተመላሹ ብርሃን። የክፍሉ ገጾች በአማካይ ከሚያርፍባቸው ብርሃን 70 በመቶውን ይመልሳሉ ቢባል፣ መብራቱ የሰጠው 100 ሲሆን በመጀመሪያው ንጥረት 70፣ በሁለተኛው 49፣ በሦስተኛው 34 እያለ ይደመርና ተመላሹ ብቻ 233 ይደርሳል፤ ከቀጥተኛው ከሁለት እጥፍ በላይ ማለት ነው። አማካዩን ወደ 40 በመቶ ቢያወርዱት ተመላሹ 67 ብቻ ይሆናል። ይህ ስሌት ክፍሉ ባዶና ዝግ እንደሆነ ይቆጥራል፤ ሶፋና መጋረጃ ባለበት ሳሎን ቁጥሩ ያንሳል። ነገር ግን አንድ ጠቃሚ ነገር ይነግርዎታል፦ ክፍሉን በሙሉ ማጥቆር ሳያስፈልግዎ፣ ብርሃኑ መጀመሪያ የሚያርፍበትን ገጽ ብቻ ብታጠቁሩ ተከታዮቹ ንጥረቶች ሁሉ አብረው ይሞታሉ። ኦክታቦክሱን ወደ ታች ካዘነበሉት ያ ገጽ ወለሉ ነው። ካሜራው የማያየውን ሴራሚክ በሙሉ ጥቁር ምንጣፍ ወይም ጨርቅ ያልብሱት።

የሚታየውን ወለል በተመለከተ፣ ቄጠማ ልትጎዘጉዙ ከሆነ ይጠንቀቁ። ቄጠማ ከላይ የመጣውን ብርሃን አረንጓዴ አድርጎ ወደ አገጭና ወደ አንገት ይመልሰዋል፤ ጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ አረንጓዴ በሽታ ያስመስላል። እኔ በሙያዬ መጀመሪያ ፒያሳ በአንድ አሮጌ ቤት ውስጥ ይህን ትዕይንት ስናበራ ግማሽ ቀን ሙሉ የመብራቱን ቀለም ስነካካ ውዬ፣ ጥፋቱ ከእግራችን ሥር መሆኑን ያወቀችው የሜካፕ ባለሙያዋ ነበረች። ቄጠማውን ከፊቷ ፊት ለፊት ያሳሱትና ከጀርባዋ ያብዙት፤ ካሜራው ልዩነቱን አያውቀውም።

ነጠላውና የሀበሻ ቀሚሱ ግን ወዳጆች ናቸው። ነጭ ነጠላ በተዋናይዋ ደረት ላይ ሲያርፍ ከፊቷ ሥር የተዘረጋ ሪፍሌክተር ነው፤ ከላይ የመጣው ብርሃን ያጨለመውን የዓይን ጉድጓድ ከታች ይሞላዋል። ስለዚህ የብርሃን ሙከራ ስታደርጉ ተዋናይዋ ወይም በምትኳ የምትቀመጠው ሰው ነጠላውን ለብሳ ትቀመጥ፤ በጥቁር ሹራብ የተለካ ብርሃን በቀረጻው ሰዓት ሌላ ሆኖ ይገኛል።

ከካሜራው በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ጥቁር ጨርቅ ያቁሙ፤ የጥላውን ጉንጭ የሚያነጣው እርሱ ነው። ከተገኘ ከፋይ ከሌላው ጨርቅ ሁሉ ይበልጣል፤ ሳቲን ግን አይሆንም። ሆኖም ሁሉንም አታጥቁሩ። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ቅርጹን የሚያሳየው በአብዛኛው በላዩ ላይ በሚያብረቀርቀው ነጸብራቅ ነው፤ የጥላው ጎን የሚያንጸባርቀው ነገር ፈጽሞ ከሌለው ጉንጩና ግድግዳው ተዋህደው ፊቷ ግማሽ ይሆናል። ከጥቁሩ ጨርቅ መካከል አንድ ክንድ የሚያህል ክፍተት ትታችሁ ክሬሙ ግድግዳ እንዲታይ አድርጉ፤ ያቺ ቀጭን መስመር ጉንጯ ላይ ትወጣለች።

ዘይት ቀለሙ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ስለሚያብለጨልጭ ከመበራቱ በላይ መብራቱን እንደ መስተዋት ያሳያል፤ ያንን ነጸብራቅ ፍላግ ከሚያጠፋው ይልቅ ካሜራውን ወይም መብራቱን ጥቂት ማንቀሳቀስ ያጠፋዋል። ካልሆነም ከጀርባዋ ጠቆር ያለ መጋረጃ ወይም ሥዕል ይስቀሉ። ጨርቅ በፕላስተር ግድግዳው ላይ አትለጥፉ፤ ሲነሣ ቀለሙን ይዞ ይነሣል፣ ከአከራይም ያጣላል። በስታንድና በገመድ ይሁን።

የእጣኑን ጭስ ደግሞ አቡጀዲውን ይዘው ቢቀርጹ ኖሮ ያዩት ነበር፦ ከየአቅጣጫው የበራ ጭስ ወተት የፈሰሰበት ምስል ይሰጣል። ግሪዱ ከተገጠመ በኋላ ጭሱ የሚበራው በክልሉ ውስጥ ብቻ ስለሆነ ያምራል። ሆኖም ጭሱ በቆየ ቁጥር ክፍሉን ይሞላልና በየቀረጻው መካከል መስኮት ይከፈት።

መስኮት ካልኩ ዘንድ አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ። ቀን ላይ ምሽትን ለመቅረጽ መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ደፍናችሁ፣ በሩን ለድምፅ ዘግታችሁ፣ መሃል ላይ ከሰል የምታነዱ ከሆነ ሕይወት እያስያዛችሁ ነው። ከሰል የሚያወጣው መርዛማ ጋዝ (ካርቦን ሞኖክሳይድ) አይታይም፣ ሽታም የለውም፤ አሥር ሰው የታጨቀበት የታፈነ ሳሎን ውስጥ ደግሞ ራስ ምታት መስሎ ይጀምርና ሰው ይጥላል። ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠል፣ የሚገባው ለምስሉ ብቻ ይሁን፣ «ቁረጥ» ሲባል ይውጣ። ለቅርብ ምስሎች ትንሽ ብርቱካናማ ኤልኢዲ ምድጃው ውስጥ ብታስቀምጡ ማንም አይለየውም። ጥቁሩን ጨርቅ ከምድጃውና ከእጣን ማጨሻው አርቁት፤ ከወለል የሚጎተት ጫፍ እንዳይኖረው። የኤልኢዲውን ማራገቢያም በጨርቅ አትሸፍኑ። ከተዋናይዋ ራስ በላይ የሚንጠለጠል ኦክታቦክስ ያለበት ስታንድ እግሩ ላይ የአሸዋ ከረጢት ሳይጫን ማንም ከሥሩ አይቀመጥ።

እንግዲህ ውሳኔዬ ይህ ነው፦ ፍሬሙንና አቡጀዲውን አውርዱ፤ ለግቢና ለበረንዳ ቀረጻ ያቆዩት። 300 ዋቱን ኦክታቦክሱ ውስጥ አስገቡ፤ ጥልቀቱ የስፋቱ ሁለት እጥፍ የሆነ ግሪድ ግጠሙለት፤ ከፊቷ 1 ሜትር ገደማ፣ ከማዶ በኩል፣ ከላይ አዘንብላችሁ አቁሙት። ተዋናይዋን ከጀርባዋ ግድግዳ 2.5 ሜትር አርቋት። የማይታየውን ወለል አልብሱ፣ የካሜራውን ጎን አጥቁሩ። ከዚህ በኋላ ካሜራውን ፎልስ ከለር (የብርሃን መጠንን በተለያየ ቀለም የሚያሳይ የካሜራ ማሳያ) ላይ አድርጋችሁ ፊቷንና ከራሷ በላይ ያለውን ግድግዳ አነጻጽሩ፦ ግድግዳው ከፊቷ ከ2 እስከ 3 ስቶፕ ከጨለመ በቂ ነው፤ ከ4 ስቶፕ በላይ ከጨለመ ክፍሉ ይጠፋባችኋልና ጥግ ላይ አንዲት የጠረጴዛ መብራት በዲመር ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ። ግድግዳው አሁንም ካልጨለመ ሌላ ዕቃ አትግዙ፤ እንደገና ጀርባችሁን ለግድግዳው ሰጥታችሁ ቁሙና የሚታያችሁን ብሩህ ገጽ ፈልጉ። ይህን ሁሉ በቀረጻው ዋዜማ፣ ነጠላው ተለብሶ፣ ረከቦቱ ከነሲኒው ተዘርግቶ ሞክሩት።